በጨረር የተጠረጠረው ቀለም ቀማሚ

ሰውየውን የሚያውቀው ሁሉ «ቀለሜ» ነው የሚለው። ትምህርት የዘለቀው ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከትምህርት ቤት የወጣው ገና ጢሙ ሳያጎጠጉጥ ነው። ቀለሜ የተባለው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ ጓሮ ቆሞ ቀለም ስለቀመመ ነው። ደንበኛ የትራስ ልብስ ይዞ ይመጣና «ግድግዳዬን ልክ እንደዚህ አድርግልኝ» ይላል። ቀለሜ ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ ያገላብጠዋል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ነጩ ባልዲ ውስጥ ከዚህም ከዚያም ጠብ ጠብ አድርጎ በዱላ ያማስላል። ብዙውን ጊዜ ይገጥምለታል። ሳይገጥምለት ሲቀር ደንበኛው ባልዲውን ይመልሳል፣ ባለሱቁ ይጮኻል፣ ቀለሜም የተመለሰውን ባልዲ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቤቱ እንግዲህ በዚህ ዓይነት የተቀባ ቤት ነው። ሰው «ዓይኔን አያሳየኝ» ያለው ቀለም ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ ይኖራል። ኮሪደሩ አንዲት ሙሽራ አይታው ያለቀሰችበት ሮዝ ነው። መታጠቢያ ቤቱ አንድ የጥርስ ሐኪም «በሽተኛ ያባርርብኛል» ብሎ የመለሰው አረንጓዴ ነው። ሳሎኑ ደግሞ ቢጫ ነው፤ ቢጫ ስላችሁ እንደው ዝም ያለ ቢጫ እንዳይመስላችሁ፤ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ፊት ላይ የሚጋባ፣ ለፍላፊ ቢጫ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን እዚያው ሳሎን መስኮቱ ሥር አድርጋ ትሠራለች። አዲስ ልብስ ለብሳ መስታወት ፊት የቆመች ደንበኛ ሁሉ «ውይ፣ ይሄ ጨርቅ አወየበኝ!» ትላለች። «ጨርቁ አይደለም እህቴ፣ ግድግዳው ነው» ትላለች ሚስት። ይህን ስትል ዓመታት አለፉ።

ታዲያ ቀለሜ ራሱ ቢጫ መሆን ሲጀምር ማን ልብ ይበል? ሰውነቱን ያሳክከው ጀመር፤ ያለ የሌለ ጥፍሩን አውጥቶ ገላውን ሲፎክት ይውላል። «ሳሙናው ነው» ተባለ። እህል አስጠላው። «ሙቀቱ ነው» ተባለ። ሽንቱ ጠቆረ። «ውኃ አትጠጣም እኮ!» ተብሎ ተቆጡት። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሲሆን ደግሞ ሚስቱ ቀና ብላ አይታው «ኧረ ይሄ ግድግዳ ሊገድለን ነው!» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰውየው እዚያው ፊታቸው ተቀምጦ እየወየበ ነው፤ እነሱ የሚሰድቡት ግድግዳ ነው።

በኋላ ሚስቱን መረራትና «ወይ እኔ ወይ ይሄ ቢጫ!» አለች። ነጭ ቀለም መጣ፣ ወንድሟ ለእገዛ ተጠራ። ይህን ወንድሟን ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። ሥራው የሲኒማ ቤት ትኬት መቁረጥ ነው። ትኬቱን ቆርጦ ሲያበቃ እየገባ ስለሚያይ፣ የፊልም ሁሉ ሁለተኛ አጋማሽ ያውቃል፤ የመጀመሪያውን አጋማሽ ግን አንዱንም አያውቅ። እንደዚህ ሆኖ በዓለም ላይ የማያስረዳው ነገር የለም። ሦስቱ ቀኑን ሙሉ ሲቀቡ ዋሉና ሲጨርሱ ብሩሻቸውን እንደያዙ ቆመው ተያዩ። ሚስት ወደ ጥንት መልኳ ተመልሳለች። ሊቁም ተመልሷል። ቀለሜ ግን ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል።

«አንድ እጅ ስለተቀባ ነው» አለ ቀለሜ፣ ሙያው ነውና። «ሁለተኛ ካልተደገመ የታችኛው ያስታውቃል።»

አመኑት! ሁለተኛውን ደገሙ። ግድግዳው እንደ ወተት ነጣ፤ ሰውየው ባሰበት። ያን ጊዜ ሚስቱ ብሩሿን ጥላ አገጩን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ መስኮቱ አዞረችው። «ግድግዳው አይደለም» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳው አይደለም! አንተ ነህ!»

«የወፍ በሽታ ነው» አለ ሊቁ፣ ሳይጠየቅ።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ረጋ ያለች፣ ነገር የማትሸፍን ሴት ነበረች። ፎቶ ተነሣ፣ ደም ተቀዳ፤ ከቀናት በኋላ ባልና ሚስቱን አስቀምጣ ነገረቻቸው። «አባቴ፣ ጉበትዎ ሐሞት ይሠራል፤ ሐሞቱ የሚወርድበት ቦይ አለ። ቦዮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዕጢ በቅሏል፤ ካንሰር ነው። መውረጃውን ስለዘጋው ሐሞቱ ወደ ደምዎ ተመለሰ፤ ቆዳዎ ላይ የወጣው እሱ ነው።»

«ይወጣል?» አለ ቀለሜ።

«ቆርጠን የምናወጣበት ቦታ ላይ አይደለም። አልዋሽዎትም፤ ከሥሩ አናጠፋውም። ግን የተዘጋውን ከፍተን ሐሞቱን በቱቦ እናፈሰዋለን። ከፍተን ዝም ካልን ዕጢው ቶሎ ተመልሶ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ በዚያው ቱቦ ውስጥ ጨረር አስገብተን ከውስጥ እንመታዋለን። መንገዱ ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝምልናል ብለን ነው። እኛ የምንሰጥዎት ጊዜ ነው፤ ስንት እንደሆነ ግን እኔም አላውቀው።»

ሚስቱ የቦርሳዋን ማሰሪያ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ቀለሜ ደግሞ በሆዱ አንድ ነገር ቆረጠ፤ ያቺን የሚሰጡትን ጊዜ ከዚህች ሴት ጎን ሊጨርሳት። ሌላ ምንም አላማረውም፤ ከእሷ ጋር ተሳስቆ፣ ተጨቃጭቆ፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ መነሣት ብቻ።

ቱቦው ከጎድን አጥንቱ መሐል ገባ፤ ጫፉ ላይ ከረጢት ተንጠለጠለ። መቼም ሐሞቱ ፈሰሰ የሚባል ሰው ሞልቷል፤ የቀለሜን ግን ነርሶች በመስመር በተሰመረ ከረጢት እየለኩ ነው ያፈሰሱት። ሲፈስ ደግሞ ሐሞቱ ኮስተር አለ እንጂ ድካም የለ! ማሳከኩ ቀስ በቀስ ተወው፣ እንቅልፍ ወሰደው፣ ራበኝ አለ። አንድ ጠዋት ነርሷ ስትገባ ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያየው አገኘችው።

«ምነው አባቴ፣ ደም አዩበት እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«ኧረ የለም ልጄ። አንድ የሆቴል ባለቤት ለአዳራሹ የፈለገው ይሄን ነበር። ወርቃማም አይደል፣ አረንጓዴም አይደል፤ ስንት ዓመት ያንገበገበኝ እዚሁ ሆዴ ውስጥ ነበር!»

ነርሷ አስታቅፋው ሄደች። ምን ትበለው?

የጨረሩ ቀን ደረሰ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። በሐሞት ቱቦው ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፤ ጫፉ ዕጢው ካለበት ይደርሳል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ከአንድ ማሽን ጋር ይገጠማል። ማሽኑ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የጨረር ምንጭ በሽቦ ጫፍ ገፍቶ ዕጢው አጠገብ ያደርሳታል፤ ጥቂት ደቂቃ እዚያ ትቆይና ተመልሳ ወደ ማሽኑ ሣጥን ትገባለች። ሰውየው ላይ የሚቀር የለም። ይህን ሐኪሟ ለቀለሜ አንድ በአንድ ነግራዋለች። ሚስቱና ሊቁ ግን ያዩት በደጅ በኩል ያለውን ነው፤ በደጅ በኩል የሚታየው ደግሞ ሌላ ነው። ሐኪሟ ወጣች። ነርሷ ተከትላ ወጣች። ማሽኑን የሚያዘው ሰው ወጣ። ከዚያ እንደ ግንብ የወፈረ በር ተንከባሎ ተዘጋ፤ በላዩ ቀይ መብራት በራ። ቀለሜ ውስጥ ብቻውን ቀረ፤ በድምፅ ማጉያው «እኔን ትታችሁ ሁላችሁም የሸሻችሁ ደኅና ነገር ይዛችሁልኝ ነው?» ሲል በደጅ ይሰማል።

«አየሽ?» አለ ሊቁ እህቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ። «ተምረው የመጡት ሮጠው ከወጡ እኛ ምን ቤት ነን? ይሄን እኔ ፊልም ላይ አውቀዋለሁ። መጨረሻው ላይ ከተማውን ነው ያጠሩት።»

«በመጀመሪያው ላይስ?» አለች እህቱ።

«መጀመሪያውን ተይው።»

ሕክምናው ተደጋግሞ አለቀ። የተከፈተው ቦይ ውስጥ መንገዱን ደግፋ የምትይዝ የብረት መረብ ቱቦ ተደረገችለት፤ የደጁ ቱቦና ከረጢት ተነሣ፤ ቀለሜም መልኩ ተመልሶ፣ ሆዱን በትንሽ ፋሻ ጠግኖ፣ ፈገግ እያለ ቤቱ ገባ። ቤቱ ግን እንደ ጠረፍ ተካሎ ጠበቀው። ሊቁ የእህቱን የልብስ ሜትር አንሥቶ ሳሎኑን ለክቷል፤ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ወለሉ ላይ መስመር አስምሯል። ከመስመሩ ወዲያ የቀለሜ ወንበር፣ የቀለሜ ሳህን፣ የቀለሜ ፎጣ። ከመስመሩ ወዲህ የተቀረው ዓለም።

«ጋሼ፣ ለጊዜው ነው» አለ ሊቁ ከበሩ ሆኖ።

«ምኑ ነው ለጊዜው?»

«እስክትበርድ።»

ቀለሜ ሚስቱን አያት። ትስቅበታለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ምግቡን በዝርግ ትሪ አድርጋ፣ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ በመጥረጊያ እንጨት እየገፋች መስመሩን አሳለፈችለት። መኝታዋንም ከኮሪደሩ ማዶ ወዳለችው ጠባብ ክፍል አዛውራለች። ቀለሜ ትሪውን አነሣና በላ።

ሰፈሩ ደግሞ ሰማ፤ ሰፈር መቼ ሳይሰማ ቀርቶ ያውቃል? የጎረቤት ሴትዮ በአጥር ብቅ ብላ «አልጋህን ወደ እኛ ግድግዳ ብታስጠጋልኝ ምን አለ? ለትኋን ይሆናል አሉ» አለችው። ባለሱቁ ወደ ሥራ ሲመልሰው ልቡ አልሞላም፤ ወንበሩን ወስዶ መጋዘኑ ጥግ አደረገለትና ከሳምንት በኋላ «አይጦቹ ጠፍተዋል፣ ባለህበት ቆይ» አለው። አይጦቹ የጠፉት ድመት ስለገባች ነው፤ ግን ማን ይስማ! ደንበኞች የትራስ ልብሳቸውን ከሩቅ ይወረውሩለታል። እሱም መልሶ ይወረውርላቸዋል። ለዚህ ሁሉ ቀለሜ አልከፋውም፤ እንዲያውም አንዳንዱን ሲያስታውስ ብቻውን ይስቃል። የከፋው የሚስቱ ነገር ነው። «ተጸየፈችኝ» አለ በልቡ። ያቺ ስንት ጣር ያየባት ጊዜ፣ በቱቦ ጫፍ የመጣች ጊዜ፣ ቀን በቀን በመጥረጊያ እንጨት እየተገፋች ስታልቅ ያያታል። ሆድ ባሰው።

አንድ ቀን ቀለሜ በጠዋት ተነሣና የሊቁ በር ላይ ቆመ። «ተነሥ! ሆስፒታል እንሄዳለን። ጨረር የሚለኩበት መሣሪያ አላቸው፤ ፊትህ ቆሜ እለካለሁ። ካለብኝ መጋዘኑ ውስጥ ቆልፉብኝ። ከሌለብኝ አንተ ራስህ መስመሩን በምላስህ ታጠፋታለህ!»

ሊቁ ነጭ ጓንት አድርጎ ሄደ። ሐኪሟ ነገሩን ስትሰማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጨረር ክፍሉ ባለሙያ ላከቻቸው። ባለሙያው ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ ሰውዬ ነው፤ በእጅ የሚያዝ፣ ጨረር ሲያገኝ ጠቅ ጠቅ የሚል መሣሪያ አወጣ። ከቀለሜ ራስ ጀመረ። አንገቱ፣ ደረቱ፣ ሆዱ፣ ጀርባው፤ መሣሪያው ዱዳ ሆነ።

«ንጹሕ ነዎት» አለ ባለሙያው። «ሲጀመርም ሰው ላይ የሚቀር ነገር የለም።»

«በደንብ ይዩት እንጂ!» ብሎ ሊቁ እጁን ዘርግቶ ወደ ቀለሜ ሆድ ጠቆመ። ያን ጊዜ መሣሪያው አበደ። ጠቅጠቅ ብቻ አይደለም፤ ተንጫጫ! ባለሙያው መሣሪያውን ወደ ቀለሜ መለሰ፤ ዝም። ወደ ሊቁ አዞረ፤ ተንጫጫ። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ።

«እርስዎ ወንድሜ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ» አለ ሊቁን።

ሊቁ ላብ በላብ ሆነ። «እኔ? እኔ ምን አደረግኩ? እኔ ትኬት ነው የምቆርጠው!»

ነገሩ ሊቁ ያሰረው ሰዓት ነው። ከአባቱ የወረሰው፣ ሲኒማ ቤቱ ጨለማ ውስጥ ቁጥሮቹ አረንጓዴ እያበሩለት የሚኮራበት የጥንት የእጅ ሰዓት። የድሮ ሰዓቶች ላይ እንዲያበራ ተብሎ የሚቀባው ቀለም ውስጥ ጨረር ያለው ነገር ይገባ እንደነበር ባለሙያው ነገራቸው፤ ይህን ያህል የሚያሰጋ እንዳልሆነ፣ ግን ሰዓቱ እንዳይፈታና ከእጅ ወርዶ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ እንደሚሻል አስረዳ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቀለሜ የሰማው አንዲት ቃል ናት።

«ቀለሙ ነው!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ጠባሳው እስኪጎትተው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ዕድሜ ልክህን አንጠልጥለኸው ስትዞር ኖረህ! አውቶቡስ ላይ ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ ሰምተሃል? ለጊዜው ነው። እስክትበርድ!»

ሊቁ እውነትም ከኋላ ተቀመጠ፤ ግራ እጁን ከመስኮቱ ውጭ አንጠልጥሎ። ከቀለሜ ጋር ቤት ሳይገባም እግሬ አውጪኝ አለ።

ቀለሜ ክንፍ አውጥቶ ገባ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ቆሞ አንድ ሳያስቀር ተረከላት፤ መሣሪያው እንዴት እንደተንጫጫ፣ ሊቁን እንዴት ላብ እንዳጠመቀው፣ ባለሙያው ምን እንዳለ። ሊቁን ሲያስመስል የራሱ ሳቅ አላስጨርስ አለው። እሷ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ምሳውን ትሪው ላይ አደረገች፣ ትሪውን ወለሉ ላይ አኖረች፣ መጥረጊያውን አነሣች።

ደሙ ፈላ። «ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? ለኩኝ እኮ ነው የምልሽ! ዱዳ ነው! ምንም የለብኝም!»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ምንም እንደሌለብህ። ያኔ ከሆስፒታል ሳትወጣ ነርሷን ጠይቄያታለሁ። የጨረሯ ምንጭ ተመልሳ ወጥታለች፣ አንዲት ነገር አልቀረችም አለችኝ። አላመንኳትም፤ ሐኪሟን ጠየቅሁ። እሷም እንደዚያው አለችኝ።»

የቀለሜ ድምፅ ተሰበረ። «እያወቅሽ? እያወቅሽ ነው በመጥረጊያ የምትገፊልኝ? በቃ ጠላሽኝ? ይህችን ቀሪ ዕድሜዬን ከእኔ ጋር መሆን ይህን ያህል ከበደሽ?»

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። «አንተ ሞኝ» አለች። «እኔ የሰማሁትን አንተ አልሰማህም? ጨረሩ ወጥቷል ነው ያሉኝ እኮ! ጨረሩ ከወጣ ውስጥህ ብቻውን የቀረው ማን ነው? እሱ ነው። ዕጢው ነው። ሊቁ ጠመኔ ይዞ ሲያሰምር እኔ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ሲሸሽህ ደስ አለኝ። ይፈሩት፣ ጨረሩ አለ ማለት ነው፣ ዕጢውን እየመታው ነው አልኩ። በዚህ እንጨት ትሪ በገፋሁ ቁጥር፣ ዛሬም ውስጡ አለ፣ ዛሬም እየሠራ ነው እላለሁ። ቀርቤ ነክቼህ ምንም ካልሆንኩ ግን ምን ልበል?»

ቀለሜ እኮ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለራሱ ብቻ ነበር ያለቀሰው፤ አፈረ። ሊዋሻትም አልፈለገም። «ዕጢው ይመለሳል» አላት ቀስ ብሎ። «ሐኪሟ ለሁለታችንም ነው የነገረችን። መቼ እንደሚመለስ አላውቅም። እስኪመለስ ግን እኔ እዚሁ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ ማዶ ነሽ። እባክሽ ወዲህ ነይ።»

የጠመኔውን መስመር ተሻግራ መጣች። ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ፣ ቱቦው የነበረበትን ጠባሳ መዳፏን ሙሉ አሳረፈችበትና ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። እንዲያቃጥላት፣ እንዲነዝራት፣ አንድ ነገር እንዲያደርጋት ጠበቀች። ምንም አልሆነችም። ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው፤ እሱም እጇን በእጁ ሸፍኖ ያዘ፣ አልለቅም አለ።